ምንይሉና ደንብ ቁጥር አራት

ከመጀመሬ በፊት አንድ ወሬ ላርም። «ዓይናዲስ ሽኝቱ ሳያልቅ ምንይሉን ከመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ አስወጣችው» ሲባል ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው። ደንብ ቁጥር አራት የሚለው «ጡረታ የወጣ ሠራተኛ በማግስቱ ከግሩፑ ይወጣል» ነው። ማግስቱ ነገ ነው። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ቀኑን አልሳሳትም።

ምንይሉ፣ አንተ ዝም ብለህ ስማ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ይህ የእንስሳት ሐኪም መዝገብ ቤቴን የረገጠው ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት፣ ከደሃና ወረዳ ተዛውሮ ሲመጣ ነው። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው መንገድ ላይ አንድ ገበሬ አክምልኝ ብሎ የሰጠውን የታመመች የፍየል ግልገል ይዟል።

«የዝውውር ደብዳቤህ የታለ?» አልኩት።

ግማሽ ወረቀት ሰጠኝ።

«ግማሹስ?»

«ግልገሏ በላችው፣ እትዬ። ግን ደስ ይበልዎት፤ ባለቤቷ እንዳለኝ እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ ነበር።»

የተረፈውን ቁጥር ሰጥቼ ፋይል አደረግኩት። ዛሬም ከማኅደሩ አለ።

ግሩፑ ሲከፈት አስተዳዳሪ ያደረጋችሁት እኔን ነው። እኔም ደንብ አወጣሁ። ሰላምታ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ይዘጋል፤ ጥያቄ በዕለቱ ይመለሳል። ምንይሉ ግን ኔትወርክ የሚያገኘው ከተመደበባት ከጽጽቃ በላይ ያለውን ጉብታ ሲወጣ ነው፤ የሚወጣውም ቅዳሜ ቅዳሜ። ቅዳሜ ጥያቄዎቹን ያወርዳል፤ ሳምንቱን ሙሉ መልሱን በወረቀት ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይለቀዋል። የትኛው ለማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጌታሰው የሠርጉን ፎቶ በለጠፈ በደቂቃው፣ ከሥሩ የምንይሉ «እግዚአብሔር ያጽናህ» መጣ። ሐዘን ላይ ለነበረው ባልደረባችን ለምሳው የተጻፈ ነበር። ጌታሰው ግን «ለእኔ በሰዓቱ ነው የደረሰኝ» ይላል። ባለቤቱ እዚህ ስለሌለች ነው የምናገረው።

እሱ የሚልከው የታመመ ከብት ፎቶስ? የበግ ምላስ፣ የላም ሰኮና፣ ሌላም የማልጠራው፤ ሁሉም በምሳ ሰዓት። ትግስት አንድ ቅዳሜ «አቶ ምንይሉ፣ እባክዎ፣ ምሳ ላይ ነን» ብላ ጻፈች። እሱም «በጓም ምሳ ላይ ናት፤ መዋጥ ነው ያቃታት» ሲል መለሰላት።

አምና በጋዝጊብላ ወረዳ ፍየል መሞት ሲጀምር፣ እዚያ የተመደበችው ወጣቷ ሐኪም ባንቺ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወሯ ነበር። አፋቸው የቆሰለ ፍየሎች ፎቶ ወደ ግሩፑ ላከች። ምንይሉ ፎቶውን ያየው ቅዳሜ ነው፤ ከዚያ ግን ሌላ ቅዳሜ አልጠበቀም። በዚያ በሚያመው ጉልበቱ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ጉብታውን ወጣ። «የታመሙትን ለዪ። ውኃ አብረው አይጠጡ። ክትባቱ እስኪደርስ ከመንደሩ አንድ ፍየል እንዳይወጣ» እያለ ግሩፑ ላይ በድምፅ መለሰላት። የብዙ ቤት ፍየል ተረፈ። በእነዚያ ቀናት እኔ የማንንም ዓረፍተ ነገር አላረምኩም።

ትናንት ባንቺ መዝገብ ቤት መጣች።

«እትዬ፣ እሳቸው ከግሩፑ ከወጡ ማንን ልጠይቅ?»

«ስልኩን ታውቂው የለ? ደውይለት» አልኳት።

«እደውላለሁ። ግን ለእኔ የመለሱትን ሌሎቹ ወረዳዎችም እየሰሙ ነው የተማሩት። በስልክ ብቻዬን ብሰማው እነሱ ምን ያገኛሉ?»

እሷ እንደወጣች ደንብ ቁጥር አራትን ደግሜ አነበብኩት። 

ምንይሉ፣ በሃያ ስምንት ዓመት አንድም ሪፖርት በጊዜው አላስገባህም። አንድ ገበሬም በር ላይ አቁመህ አታውቅም። እኔ የመጀመሪያውን ስቆጥር ኖሬ፣ ሁለተኛውን ሳልነግርህ ቀረሁ። አመሰግንሃለሁ።

እስቲ ብርጭቆ እናንሣ። ጉልበትህ ይዳን። ልጆችህ አጠገብህ ይክረሙ። በጡረታህ አምደወርቅ ገብተህ የምታረባቸው በጎች አይታመሙብህ፤ ከታመሙም ፎቶው ከምሳ በኋላ ይድረሰን።

ሌላ ወሬ እንዳይፈጠር፣ ነገ ከሁሉ አስቀድሜ የማደርገውን ልናገር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ እገባለሁ። ደንብ ቁጥር አራትን በጻፍኩበት እጄ እሰርዛለሁ። በምትኩ «ጡረታ የወጣ ባለሙያ ራሱ ካልፈለገ በቀር አይወጣም» ብዬ እጽፋለሁ። ኃላፊው ሲገቡ አስፈርማለሁ፤ ማኅተም እመታለሁ፤ ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ። ከዚያ ባንቺ ጥያቄዋን እንድትልክ እነግራታለሁ።

አምደወርቅ ኔትወርክ አለ፣ ምንይሉ። መልስህን እስከ ሦስት ሰዓት እጠብቃለሁ።