እህት መሰለች የተከለከለችው ጽዋ

የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ ወንጌላዊ ገዛኸኝ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ከመስቃን ገጠር በእግር፣ ከቆሼና ከወልቂጤ በመኪና የመጣችሁ ዘመዶች፣ ከምንጩ ሰፈር የመጣችሁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ ጌታ ሰላሙን ያብዛላችሁ። ሩት ልጄ፣ እናትሽን የወሰደ አምላክ አንቺን ያጽናሽ። ሌሎቻችንን እንዲያጽናናን ግን አልለምነውም። እኛ መጽናናት አይገባንም።

የማያውቀኝ ካለ፣ ፍቅሩ እባላለሁ፤ አናጢ ነኝ። እዚህ ቡታጅራ ገበያ ጥግ፣ የእኔን የእንጨት ሥራ ቤትና የመሰለችን የልብስ ስፌት ቤት የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የስፌት መኪናዋን ድምፅ እየሰማሁ ሠርቻለሁ። መኪናው ሲቆም ምሳ ሰዓት መድረሱን አውቅ ነበር። ደግሞም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። እስከ ዛሬ።

ዛሬ ጠዋት ሽማግሌዎች ጠሩኝና "ጎረቤቷ ነህ፣ መልካም መልካሙን ተናገርላት" አሉኝ። እሺ አልኩ። ስለ እሷ መልካም መልካሙን እናገራለሁ። ስለ እኛ የሆነውን እናገራለሁ።

እናንተ ከኋላ ጮክ ብላችሁ የምታለቅሱ፣ እባካችሁ ትንሽ ዝም በሉ። ይህቺን ሴት በሕይወት ሳለች ምን ብላችሁ ነበር የምትጠሯት? "እህት ፌስታል" አይደለም? ከመንገድ ፌስታል ስለምትለቅም። የመዘምራን ልጆች ስሟን ሲጠሩ ይሣሣቁ ነበር። እኔም ሥቄአለሁ። ትናንት ሥቀን ዛሬ ስናለቅስ ትንሽ አናፍርም?

ለመሆኑ ምን ጠየቀችን? ክርስቲያን ሰው በዚህች ምድር እንዴት ይኑር ስትል ምን ከባድ ነገር ጠየቀችን?

የአዳነ ላም የሞተች ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ሆዷ ሲቀደድ ፌስታል በፌስታል ሆኖ ተገኘ። መሰለች በሳምንቱ ከደንበኞቿ ቁርጥራጭ ጨርቅ የገበያ ቦርሳ መስፋት ጀመረች። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ። እሑድ በር ላይ ቆማ አደለችን። "ገበያ ስትወጡ ይህን ያዙ፤ ፌስታል አትቀበሉ። ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ያደግን ሰዎች ነን፤ ዛሬ ምን ነካን?" አለች። ተቀበልናት። ጌታ ይባርክሽ አልናት። ከወር በኋላ ለጸሎት ወደ ቤታችን ስትመጣ ሚስቴ በዚያ ቦርሳ ወለል ስትወለውል አገኘቻት። እኔ በቁሜ ሞትኩ። እሷ ግን ሣቀች። "ደግ ነው፣ ሥራ አልፈታም" አለች። ይሄ ነው የከበደን? አንድ ቦርሳ መያዝ ከበደን?

ለሚሊኒየሙ ችግኝ ትከሉ ተባልን። ካናቴራ ለብሰን ወጣን፣ ተከልን፣ ጸለይን፣ ፎቶ ተነሣን። ከዚያ ማን አጠጣው? ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሁለት በጋ ሙሉ ጄሪካን ተሸክማ የተመላለሰችው እሷ ናት። "ችግኝ መትከል አንድ ቀን ነው፤ ማሳደግ ነው ሥራው" ትለኝ ነበር። ዛሬ በሕይወት ያሉት አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንዱም የእሷ። ፎቶው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ፎቶው ውስጥ የለችም።

አሁን ወደ ዛፉ ልምጣ። ሽማግሌዎች፣ አንገታችሁን አትድፉ። እኔም አልደፋም።

ሰባት ዓመት ሆነው። ከቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ጀርባ፣ ከምንጩ በላይ ትልቅ ዝግባ ነበር። የድሮ ሰዎች አድባር ነው ብለው ግንዱን ቅቤ ይቀቡት ነበር። ቦታውን ስንረከብ ቅቤው ገና አልደረቀም። በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ "ይቆረጥ" ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተነሥቼ፣ ጠረጴዛ እየመታሁ። መሰለች የሴቶችን ኅብረት ወክላ ተቀምጣ ነበር። እጇን አወጣች።

"ወንድሞች፣ ቅቤውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እኔ አጥበዋለሁ። ዛፉ ምን አጠፋ? የፈጠረው ሰይጣን ነው እንዴ? አፈሩን የያዘው የእሱ ሥር ነው። እሱ ከሄደ አፈሩም ይሄዳል።"

 ቅዳሜ እየዘመርን ቆረጥነው። ሲወድቅ እልል አልን። እሷ ጉቶው አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። ለዛፍ ያለቀሰች ክርስቲያን ተብላ ተከሰሰች። የእገዳው ደብዳቤ በእጄ ጽሑፍ ነው፦ "ከጣዖት ጋር ኅብረት ስላላት ንስሐ እስክትገባ ከጌታ እራት ታግዳለች።" ንስሐ ግቢ ብለን ሦስት ጊዜ ሄድንባት። ሦስቱንም ጊዜ ሻይ አፍልታልን "ስለ ምኑ?" ብላ ጠየቀችን። ሻይዋን ጠጥተን ተመለስን።

እስከ ዛሬ ያልነገርኳችሁ አለ። ያን ዛፍ ቅቤውን ሳላይ ነበር ያየሁት። ቦታው የእኛ ከመሆኑ በፊት፣ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር በክንዴ እለካው ነበር። ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለው፣ አናጢ በዕድሜው አንዴ ካገኘ ዕድለኛ የሚባልበት ዛፍ ነበር። ምስባኩን ሠራሁበት፤ አጨበጨባችሁልኝ። የቀረው የት ገባ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አልጋ ሆኗል። ቁም ሣጥን ሆኗል። ቤቴ ነው ያለው። ለጌታ ቀንቼ አልነበረም። ጣውላውን ፈልጌ ነው።

ሩት፣ ይህን ከእኔ አፍ መስማት ነበረብሽ። እናትሽም መስማት ነበረባት።

የቀረውን ልጨርስ። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ጽዋውን በትሪ ይዤ የማዞረው እኔ ነኝ። እሷ ዘንድ ስደርስ ቀና ብዬ ጣራ ጣራውን እያየሁ አልፍ ነበር። ሰባት ዓመት። አንድ እሑድ ሳልፋት፣ "ፍቅሩ፣ ፊትህ ልክ አይደለም፤ አመመህ እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ። ትሪውን ይዤ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።

አምና የብርጭቆ ጽዋዎቹን ማጠብ ሰለቸን። ከመርካቶ በካርቶን የላስቲክ መጣልን፤ አንዴ ጠጥተው የሚጥሉት። መሰለች ቢሮ ድረስ መጣች። "የብርጭቆውን ማጠብ ለእኔ ስጡኝ፤ በነጻ፣ በየወሩ" አለች። የታገደ ሰው የጌታን ጽዋ አይነካም አልናት። የላስቲኩንስ የት እንጥለው ነበር? ዛፉ ከነበረበት ጀርባ። አፈሩ እየተናደ፣ እየተናደ፣ ገደል ሆኖልን ነበርና። ቆሻሻ መጣያ አገኘን ብለን ደስ አለን።

ከገደሉ ሥር ምንጩ አለ። የእነ ሃሊማ ሰፈር ከዚያ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ መሰለች በየወሩ ጆንያ ይዛ ትወርድ ነበር። እንድትጠጣበት ያልፈቀድንላትን ጽዋ ከጭቃ ትለቅም ነበር።

ትናንት እሑድም ወረደች። ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ አፈሩ ርሷል። እኛ ከሰዓት በኋላ የመዘምራን ፕሮግራም ላይ ነበርን። ሃሊማ እዚህ ቆማለች፤ የነገረችኝን ልድገመው። "ሲናድ ሰማሁ፣ ሮጥኩ። የሚታየው ጆንያው ብቻ ነው። በእጄ ቆፈርኩ። ወላሂ ጋሽ ፍቅሩ፣ ተጣራሁ፤ የእናንተ ድምፅ ማጉያ ይጮሃል፣ ማን ይስማኝ?" ጣቶቿን ተመልከቱ። በጨርቅ ተጠቅልለዋል። መሰለችን ያወጣቻት እሷ ናት። እኛ እየዘመርን ነበር።

ዛፉን የቆረጥን እኛ። ጽዋውን የጣልን እኛ። አትንኪ ያልናት እኛ። ማን ገደላት ብሎ የሚጠይቅ ካለ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አይድከም። እዚህ ቆመናል፤ ነጠላ አዘቅዝቀን።

ከአንድ ሰዓት በፊት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደብዳቤ ተነበበ። "እህት መሰለች ከእገዳዋ በምሕረት ተነሥታለች" ይላል። በምሕረት! ምሕረቱ ለምን በደሏ ነው? ወንጌላዊ ገዛኸኝ፣ አክብሬህ እለምንሃለሁ፣ ያን ወረቀት ቅደደው። ይቅር የሚባል ነገር አላደረገችም። በምትኩ ሌላ ጻፉ፦ መሰለች ጣዖት አላመለከችም፤ ፍቅሩ ዋሽቷል። እፈርምበታለሁ። ከሽማግሌነት ወርጃለሁ፤ ከጌታ እራትም ራሴን አግጃለሁ። እስከ መቼ እንደሆነ ልጇ ትወስን።

እናንተ ያመጣችሁትን የላስቲክ አበባ ይዛችሁ ተመለሱ። እዚህ መቃብር ላይ እንዳላየው። ነገ የብርጭቆ ጽዋዎቹን ከመጋዘን አውጥታችሁ እጠቡ። ስለ ፍጥረት የሚሰብክ እንግዳ ከአዲስ አበባ እንጥራ የሚል ካለ አፉን ይዝጋ። ሰባኪ ነበረችን።

አፈሩን ከማልበሳችሁ በፊት አንዴ ታገሡኝ።

መሰለች፣ ደህና ሁኚ። ይቅር በይኝ አልልሽም። መልስ ልትሰጪኝ በምትችይበት ሰባት ዓመት፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ስንሠራ አልጠየቅኩሽም።