በዐብዱላሂ ሱቅ ደጃፍ የተቀረጸው የተማሪዎች ፊልም

የምስክርነት ቃል መቀበያ

ቀን፦ ረቡዕ ሚያዝያ 1 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡15 ሰዓት የተጀመረ
ቦታ፦ ድሬዳዋ፣ የምርመራ ክፍል
የቃል ሰጪው ስም፦ ጉግሳ ወልደ ማርያም
ዕድሜ፦ 23
አድራሻ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ሥራ፦ ባለፈው ሐምሌ ከመምህራን ማሠልጠኛ የተመረቀ፣ የፊዚክስ መምህር
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ክፍሉ በየነ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ቃል ሰጪ ወደዚህ የመጣሁት በራሴ እግር ነው። ማን ልኮህ መጣህ ተብዬ ተጠይቄ ማንም አልላከኝም ብያለሁ። ሁለተኛም ተጠይቄ ይህንኑ መልሻለሁ። የመጣሁት በመጋላ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ያለው ዐብዱላሂ ዒሴ ሰኞ መጋቢት 29 ቀን መያዙን ስለ ሰማሁ ነው። የተያዘውም ሰዎችን በድንበር በማሻገር ከሚፈለገው ሽሬ ከተባለ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ተቀምጦ በፊልም በመታየቱ መሆኑን ሃምሳ አለቃው ገልጾልኛል። ያን ፊልም የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ዐብዱላሂና ሽሬ ግን አንድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። እንዴት ብዬ ይህን እንደምል ከመጀመሪያው አስረዳለሁ።

በየካቲት ወር በከተማው የወጣቶች አዳራሽ የፊልም ሥራ ሥልጠና ተከፈተ። አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጣችው ጓድ የኔነሽ ነበረች። ስምንት ሠልጣኞች ነበርን፣ አራት አራት ሆነን በሁለት ቡድን ተከፈልን። ፊልም በመጽሐፍ አይለመድም፣ ሠርታችሁ አበላሹና ተማሩ ትለን ነበር። እኔ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ሌሊት ስተኛ እንኳ ግድግዳው ላይ በጣቶቼ አራት ማዕዘን እየሠራሁ... ወደ ጉዳዩ ተመለስ ተብዬ ተመልሻለሁ።

ልምምዱ እያንዳንዱ ቡድን ንግግር የሌለበት የሁለት ደቂቃ ፊልም እንዲሠራ ነበር። ቦታው ለሁለቱም አንድ ሆኖ የዐብዱላሂ ሱቅ ደጃፍ ተመረጠ፤ እዚያ ከግድግዳው ጋር የተሠራ የሲሚንቶ መደብ አለ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ቡድን ምን የተለያየ ነገር እንደሚያይ ለማወዳደር ሲባል ካሜራው በሁለቱም ቀን ከአንድ ነጥብ እንዲቆም ታዘዘ። እኔም የመቆሚያው ሦስት እግሮች ያረፉበትን ሲሚንቶ በቀለም ምልክት አደረግሁበት።

ለሁለቱ ቡድን የተሰጠን ፊልም አንድ ጥቅል ነበር። ይህ ዓይነቱ ፊልም ሁለት ጎን አለው። አንዱ ጎን ተቀርጾ ሲያልቅ ጥቅሉ ይገለበጥና በሌላው ጎን ይቀረጻል። ከታጠበ በኋላ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ጫፍ ለጫፍ ይቀጠላል። አንደኛው ጎን ለአንደኛው ቡድን፣ ሁለተኛው ለሁለተኛው ቡድን ተመደበ። ተማሪ ሳለሁ ክረምት ክረምት በሲኒማ ቤት የፊልም አጫዋች ረዳት ስለነበርኩ ካሜራውን የማጉረስና የመቅረጹ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። ፈርሜም ተረከብኩ።

ማክሰኞ መጋቢት 2 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንደኛው ቡድን ዐብዱላሂን መደቡ ላይ አስቀመጠው። ሰው እንዲጠብቅ ተነገረው። ዐብዱላሂ «ዋሪያ ጉግሳ፣ ማንን ነው የምጠብቀው?» አለኝ። ጓድ የኔነሽ «የማይመጣ ሰው» ብላ መለሰችለት። እሱም «ታዲያ ለዚህ ፊልም ምን አስፈለገ? ሰኔ ላይ ገበያ ሲጠፋ ደንበኛ ስጠብቅ መጥታችሁ እዩኝ» ብሎ አሳቀን። ከዚያ እሷ ባዘዘችው መሠረት ወደ ግራው ዞሮ ፈገግ አለ፣ እንግዳ እንደሚያስቀምጥ ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ፣ የለቀቀውንም ቦታ በእጁ መዳፍ አቧራውን ጠረገ። አጠገቡ ማንም አልነበረም። ሲያበቃ ሻይ አስመጥቶ አጠጣን። ከተጠርጣሪው ጥቅም አግኝተህ ታውቃለህ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ይህንኑ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቻለሁ ብያለሁ።

ጥፋቱ የተሠራው የዚያን ዕለት ነው። የሲኒማ ቤቱ አለቃዬ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «ዛሬ አሳይተህ ወደ ኋላ ሳታጠነጥን ከሄድክ ነገ ታሪኩ ከመጨረሻው ይጀምራል» ይሉኝ ነበር። እጄ ይህን ለምዷል። ከቀረጻው ተመልሼ እጄን ብርሃን በማያስገባው ጥቁር ከረጢት ውስጥ ከትቼ ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መጠቅለያ መልሼ አጠነጠንኩት። መገልበጥ ነበረብኝ እንጂ ማጠንጠን አልነበረብኝም። ሐሙስ መጋቢት 4 ቀን ካሜራው የጎረሰው ያንኑ የማክሰኞውን ጎን ነው፤ ከማክሰኞው ምስል ላይ የሐሙሱ ምስል አረፈበት።

ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁለተኛው ቡድን ወጣ። የቡድኑ መሪ ሆዳን የምትባል ሠልጣኝ ነበረች። ስንደርስ አንድ የማናውቀው ሰው መደቡ ላይ ተቀምጦ ያርፋል። ይነሣ ብዬ ስጠይቃት «አቦ ተወው ይቀመጥ! ከእኛ ተዋናይ እሱ ይሻላል» አለችኝ። ቀረጽነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካሜራውን ሲያይ ኩታውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ተነሥቶ ሄደ፤ በቀረው ፊልም ባዶውን መደብ ቀረጽን። ሰውየው ሽሬ መባሉን ያወቅሁት ዛሬ እዚህ ነው። በዚያ ሐሙስ ሱቁ ውስጥ የነበረችው የዐብዱላሂ ሚስት ካልቱን ናት። ዐብዱላሂ ዘመዱ ሞቶበት ረቡዕ ከከተማው ወደ ሐርላ ወጥቶ ዓርብ ነው የተመለሰው። ሃምሳ አለቃው ይህን ከካልቱን መስማቱን፣ ነገር ግን «ዘመድ ለዘመድ ሌላ ምን ይላል?» ብሎ እንዳላመናት ነግሮኛል።

ሰውየውን እዚያ ያስቀመጠችው ሆዳን አይደለችም ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ከእኛ በፊት ተቀምጦ አገኘነው ብያለሁ። የአንድ ጎሣ ልጆች አይደሉም ወይ ተብዬ፣ ስለ ጎሣቸው የማውቀው የለም ብያለሁ። ጥፋቱን ከእሷ ጋር ብትካፈለው ለአንተም ይቀልልህ ነበር ተብያለሁ። ጥቁሩ ከረጢት ውስጥ የገባው የእኔ እጅ ብቻ ነው።

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ በፖስታ ሲመጣ ጓድ የኔነሽ ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ ስለነበር አስቀድሞ ያየው አልነበረም። ቅዳሜ መጋቢት 27 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በአዳራሹ ለሰባ ያህል ሰው አሳየነው። የማጫወቻው ማሽን በእኔ እጅ ነበር። ዐብዱላሂ ፈገግ ሲል፣ ጠጋ ሲል፣ አቧራውን ሲጠርግ፣ ከተጠረገውም ቦታ ላይ ያ ሰው ተቀምጦ ሲታይ የሆነው ነገር ወዲያው ገባኝ። የካሜራው እግር ከምልክቱ ንቅንቅ ስላላለ ግድግዳውና በሩ በሁለቱም ቀን አንድ ላይ ገጥመው አንድ ቀን መስለዋል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ የማላውቀው ሰው «እስቲ መልሱት» አለ። መለስኩት። «አንድ ጊዜ ደግሞ» አለ። አሁንም መለስኩት። ሁለት ደቂቃው አልቆ ያልተቀረጸበት ጎን ጥቁሩ ሲጀምር ማሽኑን አጥፍቼ «አበቃ» አልኩ። ሆዳን ወደ እኔ መጥታ በጆሮዬ «ጉግሳ፣ የእኔ ሰውዬ የእነሱ ፊልም ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችኝ። «ዝም በይ፣ በኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት። አልነገርኳትም።

ለምን ዝም አልክ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ለአንድ ዓመት የፊልም ትምህርት ወደ ውጭ ከሚላኩት አንዱ ሆኜ ስሜ ከሥልጠናው ተመርጦ ሄዷል። ያለን አንድ ጥቅል በእጄ መበላሸቱ ከታወቀ ስሜ እንደሚሰረዝ አውቅ ነበር። እሑድን በዚህ አሳለፍኩ። ሰኞ ዐብዱላሂ ተያዘ። ትናንት ማክሰኞ በሱቁ በኩል ሳልፍ ካልቱን ብቻዋን መደቡ ላይ ተቀምጣ አየኋት። በእኔ ፊት መደቡ ላይ የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው መሆኗ ነው። ሰላም ሳልላት አለፍኩ፤ ዛሬ ጠዋት ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ለቃሌ ማስረጃው ከአዳራሹ ተወስዶ በእናንተ እጅ ያለው ፊልም ራሱ ነው። የዐብዱላሂ ጥላ ወደ ምዕራብ ወድቋል፣ የሽሬ ጥላ ወደ ምሥራቅ፤ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ሰዎች ላይ ፀሐይ በአንድ ሰዓት ከሁለት ወገን አትወጣም። በሽሬ ደረት ውስጥ የበሩ ማጠፊያ ብረት ይታያል። ከሁሉም በላይ ሁለተኛው ጎን ብርሃን ስላልነካው እስከ መጨረሻው ጥቁር መሆን አለበት፤ እኔ በቅዳሜው ዕለት ሰው እንዳያየው ያጠፋሁት ያን ጥቁር ነው። ማሽኑን ልትከፍቱት ትችላላችሁ። አሁን ብትከፍቱት ደስ ይለኛል።

ቃሌ ተነቦልኛል። «ሁለቱ ሰዎች አብረው ተቀምጠው» ተብሎ በተጻፈበት ላይ «አብረው» የሚለው እንዲሰረዝልኝ ጠይቄ ተሰርዟል፣ በስርዙም ላይ ፈርሜያለሁ። ዐብዱላሂን ማክሰኞ ዕለት ጠብቅ ያልነው የማይመጣ ሰው ነበር። ሰውየውን አምጥቼ አጠገቡ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ይህ ቃል ሳልገደድ ከአፌ የወጣ፣ የማውቀውን ያልሸሸግሁበት፣ የማላውቀውንም ያልጨመርኩበት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ጉግሳ ወልደ ማርያም
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ክፍሉ በየነ

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ፊልሙ በዚሁ ዕለት ከቀኑ 8፡40 ሰዓት በምርመራ ክፍሉ ታይቷል። ጥላዎቹ እንደተባለው ናቸው። ሁለተኛው ጎን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ታይቶ ጥቁር ሆኖ ተገኝቷል። ተጠርጣሪው ዐብዱላሂ ዒሴ በዋስ እንዲወጣ ለበላይ ቀርቧል። ምስክሩ ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ከድሬዳዋ እንዳይወጣ ተነግሮት ፈርሟል። ሲፈርም ስለ ጉዞው አልጠየቀም፤ የጠየቀው ዐብዱላሂ በየትኛው በር እንደሚወጣ ነው።