ቀዩ ውሃ የሄደበት

በሐይቁ ዳር ያለው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ግትር ሰው ናቸው። ሰፈሩ «አይነኬ» ይላቸዋል። አንድ ጠዋት ጀልባቸውን ሊያዩ ሲወርዱ፣ የእህታቸው ልጅ ከግቢያቸው በሚወጣው የፍሳሽ ቱቦ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ በጠርሙስ ውሃ ስትቀዳ አገኟት። የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ናት።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እንደምን አደሩ አጎቴ። ሥራ ላይ ነኝ።»

«የፍሳሽ መስመር በግቢዬ አይቀበርም ብዬ የላካችሁትን ሰው መልሼዋለሁ። አንቺንም እመልሳለሁ!»

«ይመልሱኝ፤ ነገም እመጣለሁ።»

አይነኬን ሳቅ አፈናቸው። እልኋ የራሳቸው እልህ ነበር።

«ስሚ፣ ይሄን የሚያህል ሐይቅ የኔ ቤት እጣቢ ምን ያደርገዋል? አባቴም እኔም ይህንኑ ጠጥተን ነው ያደግነው።»

«ያኔ ዳሩ ላይ የነበረው የእርስዎ ቤት ብቻ ነው። አሁን ዳገቱን ቀና ብለው ይዩት፤ ቤት በቤት ሆኗል። ሁሉም ወደዚህ ይለቃል፣ ሁሉም ከዚሁ ይጠጣል።»

«የኔው መሃል ገብቶ ይጠፋል።»

«እንሞክረዋ!»

ጉዳት የሌለው ቀይ ማቅለሚያ በማረፊያው መጸዳጃ ቤት ደፍታ ውሃ ለቀቀችበት። አይነኬ ሊያሳፍሯት ቸኩለው ጀልባውን ራሳቸው ቀዘፉ። ቀዩ ውሃ ከቱቦው ወጣ፤ መሃል ግን አልገባም። ነፋሱ ዳር ዳሩን ይዞት ሄደ። «አሁን ይጠፋል» እያሉ ተከተሉት። እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ከተማው የሚጠጣው ውሃ ከሚሳብበት ቧንቧ ዘንድ ደረሰ። መቅዘፉን ተዉት።

«ይጣራል እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«ይጣራል። ማጣሪያው ግን የተሠራው ከተማው ትንሽ ሳለ ነው፤ ከአቅሙ በላይ የሆነው ያልፋል። ባለፈው ክረምት ሰፈሩ በተቅማጥ የተኛው ለምን ይመስልዎታል?»

«አክስትሽም…»

«አዎ፣ አክስቴም።»

ሚስታቸው ያኔ ከሞት አፋፍ ነበር የተመለሱት። አይነኬ ጀልባውን አዙረው ወደ ዳር ቀዘፉ።

የዳርቻው ሆቴል ባለቤቶች መስመሩን እንዲቃወሙላቸው የመረጡት እሳቸውን ነበር። ከተማው ስለ መስመሩ በጠራው ስብሰባ ላይ ተነሡና፣ «መስመሩ በኔ ግቢ መሃል ይለፍ!» አሉ።

«ከዳኸን!» ብሎ አዳራሹ ተንጫጫ።

«ከፈለጋችሁ አውርዱኝ! ቱቦዬን በገዛ እጄ ደፍኜ ማረፊያዬን ዘግቻለሁ። መስመሩ እስኪያልቅ አልከፍትም። በሚስቴ ጉሮሮ ቆሻሻ የምለቅ ሰው አይደለሁም!»

ጭቅጭቁ ረጅም ነበር፤ መስመሩ ግን ተሠራ። ዛሬ ፍሳሹ ከከተማው ጀርባ ተጣርቶ ችግኝ ያጠጣል፤ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያውም በከተማው ልክ ሰፍቷል፤ ክረምት ሲገባ እናቶች አይሳቀቁም። ከነዚያ ጯሂዎች አንዳንዶቹ እስካሁን አይነኬን ሰላም አይሏቸውም።

«ሰላምታውን ይተዉት፤» ይላሉ እሳቸው፣ «ውሃውን ግን ይጠጡታል።»