ስለ በሬው የጻፍኩት

አይ አንተ ደግሞ! «ጦርነትም ቢሆን በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፍ» ያልከኝ አንተ አይደለህ? ዛሬ «ደብተር ይዘህ ለምን ትዞራለህ» ትለኛለህ? ስማኝ ወዳጄ! ከውርጌሳ ወደ ወልድያ ስመጣ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ከሐራ ገበያ የገዙት በሬ እንደጠፋባቸው ሲያወሩ፣ እንደ ልማዴ ጻፍኩት። መርሳ ኬላ ላይ ፈታሹ ደብተሬን ገልጦ አነበበው።

«‹ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሐራ ተመለሰ› ይላል፤ ማን ነው እሱ?»

«በሬ ነው!»

«ለበሬ እንዲህ ይጻፋል?»

ሽማግሌው «ወላሂ የኔ በሬ ነው ልጄ፤ ቀንዱ ወልጋዳ መሆኑንም ጽፎልኛል» ሲሉት ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ይሄኔ ፈታሹ ባሰበት፤ ደብተሬን ቀማኝ። ልተናነቀው ስል ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። የሦስት ወር ጽሑፌ እኮ ነው!

አንተ ፈታሽ፣ የሰውን በሬ ታሪክ ወስደህ የት ልታርስበት ነው?