ለእንደሻው ሲባል ያልተቀየረው ዋይፋይ

ልጅቱ ሰኞ ድሬዳዋ ወርዳ በዚያው ብትቀርስ?

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ይህን ጥያቄ ከገበያ እስከ ሸዋ በር ታክሲ መቆሚያ ድረስ ይዘውት መጡ፤ መልስ ግን አላገኙለትም። ብሌን የልጃቸው ልጅ ናት፤ ከሦስት ዓመቷ ጀምረው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሥራዋ በሌላ ከተማ ላሉ ተማሪዎች በኢንተርኔት ሒሳብ ማስተማር ነው። የቤቱ ዋይፋይ ግን ቃሏን ከአፏ እየነጠቀ አስቸገራት። ትናንት አንዲት የተማሪ እናት፣ «የከፈልነው የአስተማሪዋን የደረቀ ፎቶ ለማየት ነው ወይ?» ብላ ጻፈችባት። ብሌንም፣ «ወይ ወደ ሌላ ድርጅት እንቀይር፣ ወይ ድሬዳዋ ክፍል እከራያለሁ» ብላ ቆረጠች። የአዲሱ ድርጅት መሣሪያ ጣሪያ ላይ ስለሚሰቀል የቤቱ ባለቤት ቀርባ መፈረም አለባት። ባለቤቲቱ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ደግሞ አሻፈረኝ ብለዋል፤ ምክንያታቸውን ግን ለማንም አልተናገሩም።

እንደሻውን መሰላሉን ተሸክሞ ያገኙት እዚያው መቆሚያው ላይ ነው። እንደሻው የነባሩ ድርጅት መስመር ጠጋኝ፣ የሟች ባለቤታቸውም የክርስትና ልጅ ነው።

«አንተ! እግዜር ነው የጣለህ። ና፣ ያ ነገር ዛሬም ታሟል።»

«እማማ፣ በዚህ ወር አራተኛዬ ነው እኮ! በመጣሁ ቁጥር አብልተው ስለሚልኩኝ፣ ባለቤቴ ሌላ ቤት አለው ብላ መጠርጠር ጀምራለች።»

«ትጠርጥር። ሌላው ቤትህ እኔ ነኝ።»

ቤት ሲደርሱ ብሌን ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። እንደሻው መስመሩን ፈትሾ ከመሰላሉ ወረደ።

«አርጅቷል፣ እማማ። ከምሰሶው እስከዚህ ያለው ሽቦ ተቀጣጥሎ ተቀጣጥሎ አልቋል። እንዲቀየር አመልክቻለሁ፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አላውቅም። ለምን ሌላ አይሞክሩም?»

አሮጊቷ ደነገጡ። «አንተው ነህ እንዲህ የምትለኝ? እኔ ደንበኛ አልቀይርም። ቅቤ እንኳ ሃያ ዓመት የምገዛው ከአንዲት ሴት ነው።»

«እማዬ፣ አምና ቅቤው ሙዝ ሲቀላቀልበት ትተዋት አልነበር?» አለች ብሌን።

«ሁለት ወር ብቻ! ስታስተካክል ተመለስኩላት።»

«ይኸውልዎ!» አለ እንደሻው። «ያስተካከላት የእርስዎ መሄድ ነው። ቢታገሡ ኖሮ እስከ ዛሬ ሙዝ ሲያነጥሩ ይኖሩ ነበር።»

ብሌን ሳቋ አመለጣት። አያቷ ግን አልሳቁም። ሰው በክርክር ሲረታ የደበቀውን ምክንያት ማውጣቱ አይቀርምና፣ እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«እሱስ ይሁን። የክርስትና አባቱ ቤት እንኳ ጥሎት ሄደ ሲባል፣ አለቆችህ ምን ይሉሃል? ልጆች አሉህ። ከእንጀራህ ቢያፈናቅሉህስ?»

የብሌን እጅ ልብሱ ላይ ቆመ። ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«እማማ፣ እኔ ደሞዝተኛ ነኝ እንጂ ድርጅቱ አይደለሁም» አለ እንደሻው በለሆሳስ። «አንድ ቤት ወጣ ብሎ የሚያባርረኝ የለም። ይልቅ ሰው ሁሉ እኔን በጓሮ እየጠራ ዝም ስለሚል ነው፣ ቢሮው ሰፈሩ ደህና ነው ብሎ የተቀመጠው። ምክንያትዎን ጽፈው ይውጡ። ያ ወረቀት ከእኔ አሥር ማመልከቻ ይበልጣል። ለእኔ ብለው ልጅቱን ሊሰዷት ነበር?»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ የነጠላቸውን ጥለት ያፍተለትሉ ጀመር። ለሰው አዝኖ ብልሽትን መታገሥ ደግነት ይመስላል፤ ዳሩ ግን የታዘነለት ሰው ሳይጠቀም፣ ያልታሰበው ሰው ይጎዳበታል።

«ታዲያ አዲሱም እንደዚሁ ቢሆንስ?»

«ለዚህ ነው በጭፍን የማይቀየረው። ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት፣ እዚሁ ሰፈር ሞክሩት። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጡት ቅናሽ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ ዋጋው ስንት እንደሚሆን፣ ለመውጣት ቅጣት ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ። በቃል የተነገራችሁ ውሉ ላይ ይስፈር። አዲሱ ሲሠራ ሳታዩ ደግሞ አሮጌውን አታቋርጡ።»

«ሞክሬዋለሁ» አለች ብሌን። «ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ያስተማርኩት አዲሱን ካስገባችው ከሰላማዊት ቤት ነው። ጎረቤታችን አይደለች? አንዴም አልተቆራረጠብኝ።»

«ለዚህ ነው ሲመሽ ትጠፊ የነበረው?»

«ለምን መስሎዎት ነው?»

«ተይው፣ ተይው! እኔማ ስንቱን አሰብኩ...» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

እንደሻው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቀጠለ። «ለአዲሱ በወር የሚከፈለው ከአሁኑ ያንሳል። ቢበልጥ እንኳ የድሬዳዋን ኪራይ አያህልም። ልጅቱ እዚሁ ታድራለች፤ ተማሪዎቿም የከፈሉበትን ያገኛሉ። እርስዎም ጎንደር ያለውን ልጅዎን በቪዲዮ ሲደውል ፊቱ ሳይደርቅ ያዩታል።»

«አንተስ? ከቀየርን በኋላ ምሳ ትመጣለህ?»

«ያውም ያለ መሰላል!»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ተነሡ። ሌላ ቀን ቢሆን ከደጅ ለመውጣት እንኳ «ምድጃውን አጥፉ፣ በሩን ቆልፉ፣ ስልክ ቢደወል አንሡ» ብለው ሦስት ጊዜ የሚመለሱ ሴት ናቸው። አሁን ግን መታወቂያቸውን ከመሳቢያ አወጡ፤ መነጽራቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ አንዴም ወደ ኋላ ሳይመለሱ የአዲሱ ድርጅት ቢሮ ወዳለበት ወደ ፈረስ መጋላ አቀኑ።