የፓራፋንጎው መጋጠሚያ

ሱዳን ውስጥ ከሾዋክ ወደ ገዳሪፍ በምትሄድ ቦክሲ ፒክአፕ ጀርባ ላይ ተጭነናል። አንዱ ተሳፋሪ ከበርሜል ቆራርጦ የበየደውን የሎሪ ጎማ ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎ፣ ታቅፏል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ዳበሰው።

“እዚህ ላይ ነው የገጠምኸው። ጠርዙ ገጥሟል፤ ጉብጠቱ ግን ተሰብሯል።”

“ልሞርደው?”

“ቆርቆሮው ይሳሳብሃል። ከመጋጠሚያው ወዲህና ወዲያ ስንዝር ስንዝር ቀጥቅጠህ አለዝበው። አንዱ ጉብጠት ለሌላው ቀስ ብሎ ያስረክብ።”

“ቀጥቃጭ ነህ እንዴ?”

“መንገድ ነዳፊ ነበርሁ። መኪናው ሲታጠፍ የተኛ ሰው እንዳይነቃ አድርጌ ነበር ኩርባ የምስለው።”

“የቱን መንገድ?”

“ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደውን።”

“በገዛ መንገድህ መጣሃ!”

“የደርግ ወታደር ሞልቶበት? ጎን ለጎኑ፣ በጫካው ነው የመጣሁት።”

ያን መንገድ አንድ ጊዜ በሎሪ ላይ ተኝቼ እንደ ጨረስሁት ሳልናገር ገዳሪፍ ወረድሁ።