ሻምበሉ ራሱ አሚን ያለበት ምርቃት

አባባ ሰይድ እንዲህ አሉን፦ በኛ ጊዜ ልጆቼ፣ እውነት መናገር ክልክል አልነበረም። ተናገሩ፣ ተናገሩ ይሉን ነበር እንጂ። ችግሩ ከተናገሩ በኋላ ነው።

እኔ ያኔ ሚሊሻ ሆኜ ከቆቦ በታች ሜዳው ላይ ካምፕ ነበርኩ። ያን ሙቀት መቸም ታውቁታላችሁ፣ ድንጋዩ ራሱ ጥላ የሚፈልግበት ነው። እና ውሃ የሚያመጣልን አንድ ቦቴ ነበረ። ታዲያ ቦቴው ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል፣ ሲመለስ ባዶውን። የት ዋለ? ሻምበላችን ጎብዬ አጠገብ ሽንኩርት ተክሏል፣ እና ቦቴው ሽንኩርት ሲያጠጣ ይውላል። እኛ ከወንዙ አሸዋ ጭረን ድፍርሱን እንጠጣለን። ሆዱን ይዞ የማይሮጥ ወታደር አልነበረም።

ታዲያ ሂስ የሚሉት ነገር ነበረ። ሁሉም ተሰብስቦ ያለቃውን ጥፋት ሳይፈራ ይናገር ይባላል። ከሁላችን ቀድሞ ይማም ተነሳ። ይማም የዋጃ ልጅ ነው፣ ባንድ ብርድ ልብስ የምንተኛ የጎኔ ጓደኛ። "ጓድ ሻምበል፣ ሽንኩርቱ ጠግቦ እኛ ተጠማን" አለ። ሰዉ ሳቀ። ሻምበሉም ሳቀ። "ግሩም ሂስ ነው፣ ተቀብያለሁ" አለ። ተቀብያለሁ ያለው እንግዲህ ይማምን ኖሯል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀብሎ ቆርቆሮ ቤት ከተተው። ፀረ አብዮት ነው፣ ወደ ደሴ ይላካል አሉ። በዚያ ስም የሄደ ሰው ደግሞ ወሬውም አይመለስም። ለማን አቤት ይባላል? አቤቱታ የሚሰማው ያው ሻምበሉ ነው። እኔ እየሰገድኩ፣ "ያረቢ፣ ከሻምበሉ በላይ የሆነ ጆሮ ላክልን" እላለሁ።

ላከው። አንድ ኮሎኔል መጣ፣ ጦሩን የሚመረምር፣ ሻምበሉ የማያዝዘው። አሰለፉን። "አቤቱታ ያለው ይናገር" አለ። ሻምበሉ ከጎኑ ቆሞ አንድ ባንድ ያየናል። ቆርቆሮ ቤቱም እኮ ከዚያው ይታያል። ማን ይናገር? "ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር" ይላል ያገራችን ሰው። ውሃውም ጎድሏል፣ ዳኛውም መጥቷል፣ ምላሳችን ግን አልፈታ አለ።

ታዲያ ሻምበሉ ደስ አለው፣ ደስ ሲለውም አበዛው። ኮሎኔሉ የወሎ ሰው ነው ሲሉ ሰምቷል፣ እና ሊያስደስተው፣ "ጓድ ኮሎኔል፣ የወሎ እንግዳ ሳይመረቅ አይሸኝም። ሸህ ሰይድ የምንለው ሚሊሻ አለ፣ ምርቃት ያውቅበታል" አለ።

ስለ አብዮቱ የሚያስተምረን የካምፑ የፖለቲካ ኃላፊ ፊቱን አጨፈገገ። "ጓድ ሻምበል፣ ይሄ ኋላ ቀር ነገር..."

"ባህል ነው፣ ባህል ነው። ና ሸህ፣ መርቅ።"

ወጣሁ። እጄን ዘረጋሁ፣ ጦሩም እስላም ክርስቲያኑ እጁን ዘረጋ።

"ጓድ ኮሎኔል፣ መንገድዎን ያቅናልዎ።"

"አሚን" አለ እስላሙ፣ "አሜን" አለ ክርስቲያኑ። ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ግን የሻምበሉ ነው።

"ከክፉ ዓይን ይሰውርዎ።"

"አሚን።"

"ደጋውን በዝናብ፣ ቆላውን በማሽላ ያጥግብልን።"

"አሚን።"

እኔም ዜማውን ሳልለውጥ፣ ትንፋሽም ሳልወስድ፣ "ቦቴውን ከሻምበሉ ሽንኩርት ወደ እኛ ጉሮሮ ይመልስልን" አልኩ።

"አሚን" አለ ሻምበሉ፣ ከሁሉ ቀድሞ። አፉ ለምዶ ነበራ። ከዚያ ገባው፣ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ጦሩ ታዲያ እሱ ካለ እኛ ምን ያስፈራናል ብሎ፣ አሚን ሲል ሜዳው ተናወጠ። እኔም ሳይበርድብኝ፣ "ይህን ስለተናገረ የታሰረውን ይማምን ከቆርቆሮ ቤት ያውጣልን" አልኩ። "አሚን።" ቆርቆሮው ውስጥ ሆኖ ይማም ራሱ አሚን ሲል ተሰማ።

የፖለቲካ ኃላፊው ዘለለ። "አድማ ነው፣ ይሄ አድማ ነው! ይያዝ!"

ኮሎኔሉ ቀስ ብሎ፣ "ሸህ፣ ለማን ነው የተናገርከው?" አለኝ።

"ለአላህ ነው ጌታዬ።"

ወደ ኃላፊው ዞረ። "እስቲ ጓድ፣ የምታስተምረው አንተ ነህ፣ አላህ አለ?"

ያ ሰውዬ ላብ በላብ ሆነ። "በ... በሳይንሱ የለም፣ ጓድ ኮሎኔል።"

"እንግዲያ ሰውየው ለማንም አልተናገረም፣ በምን ይያዛል? አሚን ያለው ይያዝ ካልክ ደግሞ የቀደመው ሻምበሉ ነው።"

ከንፈራችንን ነክሰን ሳቃችንን ዋጥን። ኮሎኔሉ ሻምበሉን መኪናው ላይ ከጎኑ አስቀምጦ ያኔውኑ ጎብዬ ሄደ፣ ቦቴውንም ሽንኩርቱ መሀል ቆሞ አገኘው። ተመልሶ ይማምን አስወጣና በጦሩ ፊት እንዲህ አለ፦ "ከዛሬ ጀምሮ ውሃውን የሚቆጣጠር ይማም ነው። ውሃ ሲጎድል የሚነግረው ለኔ እንጂ ለአዛዡ አይደለም። ይማም ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ደግሞ ማንን እንደምጠይቅ አውቃለሁ።"

ሻምበሉ ብዙም ሳይቆይ ተዛወረ። ሲሄድ መርቀኝ አላለኝም። ይማም አልሐምዱሊላህ ዋጃ ገብቶ፣ አግብቶ ወለደ። እስከ እርጅናው ግን ሽንኩርት አይቀምስም ነበር፣ "አሳስሮኛል" ይላል።

"እና አባባ ሰይድ" አለ ከምንሰማው አንዱ፣ "የኛም ሰፈር ቧንቧ ከደረቀ ከረመ። አይመርቁልንም?"

መመረቁስ ቀላል ነው ልጄ፣ አሚን የሚል ሰው አላችሁ? ያኔ ያዳነኝ ምርቃቱ መሰለህ? አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር ይማም ይሆናል። ሁሉ አሚን ሲል ግን፣ ያን ሁሉ የሚችል ቆርቆሮ ቤት ከየት ይመጣል?

አባባ ሰይድ ሳቁ፣ እኛም አሚን አልን።